ይቀዳ ወይስ ይመለስ?

ዳግማዊት በዛብህ በቀለበቷ ቀን ከኬኩም ከዘመዱም ይልቅ ልቧ የተንጠለጠለው አንድ ባልተከፈተ የወይን ጠርሙስ ላይ ነበር። ሙሽራ ናትና ሰው ሁሉ እሷን ያያል። እሷ ደግሞ ባንኮኒው ጫፍ ላይ፣ ከነጭ ፎጣ አጠገብ የቆመውን ጠርሙስ ታያለች። ጠርሙስ ምን ይታያል? ከጠርሙሱ ጀርባ የቆመውን አስተናጋጅ ቀና ብላ ለማየት አቅም አጥታ እንጂ!

እሑድ ነው፤ ሰባት ሰዓት አልፏል። ከዚራ ካሉት የድሮ ቪላዎች አንዱ ምግብ ቤት ሆኗል፤ ግቢው ውስጥ ከዛፉ ጥላ ስር ለሁለቱ ቤተሰቦች ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የድሬ ሙቀት መቼም ጥላም አይፈራም። እናቷ ወይዘሮ ተሻለች በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን እያራገቡ ለአማቾቻቸው "ብሉ እንጂ፣ አልበላችሁም እኮ" ይላሉ። አባቷ አቶ በዛብህ፣ በድሮው ባቡር ጋራዥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ቆልፈው ከራስጌ ተቀምጠዋል። ደስታ ሰውን ያበርደዋል መሰለኝ፤ ላብ እንኳ አላላባቸውም።

ከዳጊ ጎን እጮኛዋ ኒቆዲሞስ አለ። እሱን ክፉ ነው ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። መሐንዲስ ነው፤ ሰው ሲናገር አፍ አፉን አይቶ የሚያዳምጥ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ልጅ። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ኸባብ አይደለም።

ኸባብ ማለት ያ ከጠርሙሱ ጀርባ የቆመው አስተናጋጅ ነው።

የነሱ ነገር የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት በቪምቶ ነበር። አዎ፣ በቪምቶ! ዳጊ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት የሦስት ወር የሆቴል መስተንግዶ ሥልጠና ገባች። የወይን አቀራረብ ትምህርት የደረሰ ቀን፣ ከተማሪው ግማሹ ሙስሊም ስለነበረ አሠልጣኙ በባዶ የወይን ጠርሙስ ያን ቀይ ለስላሳ፣ ቪምቶ፣ ሞልተው መጡ።

"ወይን ሲታዘዝ ጠርሙሱን ታሳያላችሁ፤ ትከፍታላችሁ፤ ቡሹን እንግዳው ፊት ታስቀምጣላችሁ" አሉ። "ከዚያ ላዘዘው ሰው ብቻ አንድ ጉንጭ ቀድታችሁ ትጠብቃላችሁ። ይቀምሳል። ደህና ከሆነ 'ይቀዳ' ይላል፤ ለሁሉም ትቀዳላችሁ። ከተበላሸ 'ይመለስ' ይላል፤ ሌላ ታመጣላችሁ። ልብ በሉ፤ የሚመለሰው የተበላሸ ነው እንጂ ያልጣመው አይደለም። አንዴ 'ይቀዳ' ካለ በኋላ ደግሞ መመለስ የለም።"

አስተናጋጅ እንዲሆን የተጠራው አንድ ቀጭን የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ እንግዳ እንድትሆን የተጠራችው ዳጊ ነበረች። ልጁ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ አንድ ጉንጭ ቀዳላትና ዓይን ዓይኗን እያየ ጠበቀ። ቀመሰች። ፊቷን ቅጭም አድርጋ "ይመለስ" አለች።

"አቦ! ቪምቶ ይመለሳል እንዴ?" አለ ኸባብ። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ ሻይም ይምጣ የአቮካዶ ጭማቂ፣ ኸባብ እሷ ሳትቀምስለት አይነካም። "ይቀዳ ወይስ ይመለስ?" ይላታል። "ይቀዳ" ትለዋለች። ለሰማው የልጅ ጨዋታ ነው፤ ለነሱ ግን "እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ" የሚባባሉት በዚሁ ነበር። ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቀን በቀር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን "ይመለስ" ብላው አታውቅም።

ኸባብ ሥልጠናውን ጨርሶ እዚሁ ከዚራ፣ እዚሁ ምግብ ቤት ተቀጠረ። ጠብታ ወይን አፉ ገብቶ አያውቅም፤ ሐራም ነው። ግን አፍንጫ ነበረው! ቡሹን አንዴ ሲያሸት "ይሄን ሙቀት መቶታል፣ አይቅረብ" ይላል፤ ተሳስቶም አያውቅ። እናቱ ሃሊሞ ሥራውን አልወደዱለትም። የክርስቲያን ልጅ መውደዱን ሲሰሙ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገሩትም፤ በአራተኛው ቀን "ልጄ፣ እኔን ወዴት ልትጥለኝ ነው?" ብለው አለቀሱ።

አቶ በዛብህ ጋ ወሬው የደረሰው ከአምስት ወር በፊት ነው። የደረሳቸውም ስም ብቻ ነበር፤ ኸባብ የሚባል የመጋላ ልጅ። መልኩን አያውቁትም፤ የት እንደሚሠራም አልጠየቁም። አልጮሁም፣ እጃቸውን አላነሱም፤ ቢጮሁ ይሻላት ነበር። "አርባ ዓመት ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋር ሰርግና ለቅሶ ተካፍዬ ኖሬያለሁ፤ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። ልጄን ግን አልሰጥም" አሉ። "እምቢ ካልሽ በቁሜ እንደቀበርሽኝ ቁጠሪው።" ስልኳን ተቀበሏት። ዳጊም "ትቼዋለሁ አባዬ" ብላ ማለች። የማለችው በአፏ ነው፤ ሆድ ይፍጀው። ብዙ ሳይቆይ የኒቆዲሞስ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ።

የቀለበቱን ልብስ የሰፋችው ሳቢሪን የምትባል የመጋላ ልብስ ሰፊ ነበረች። የኸባብ የአክስት ልጅ መሆኗን ወይዘሮ ተሻለች ከየት ይወቁት! ሐሙስ ዕለት ዳጊ ልብሱን ስትለካ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ኮሸሸ። በምግብ ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

"ዳጊዬ፣ አማቾችሽ ምሳውን እኛ ምግብ ቤት ይዘዋል። አላህ ይህን ለምን እንዳደረገ አላውቅም። የምቀዳው እኔ ነኝ። ጅቡቲ ሆቴል ሥራ አግኝቻለሁ። ባቡሩ እሑድ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይነሳል፤ ቲኬት ሁለት ቆርጫለሁ። ሙቀት የመታው አንድ ጠርሙስ አለ፤ አቼቶ ሆኗል። እሱን ነው የማመጣው። ቅምሻውን ላንቺ እሰጣለሁ። 'ይመለስ' ካልሽ ማንም አይጠረጥርሽም፤ እውነትም ተበላሽቷልና። ጠርሙሱን ይዤ በጓሮ እወጣለሁ፤ ባጃጅ አቁሜ እጠብቅሻለሁ። እጅሽን ልትታጠቢ ብለሽ ተነሺ። ፓስፖርትሽን አትርሺ። 'ይቀዳ' ካልሽ ግን ቀድቼ ወጣሁ። አልወቅስሽም፤ ሁለተኛም አልጠይቅሽም። ኸባብ።"

ሦስት ሌሊት አልተኛችም። እሑድ ጠዋት ግን፣ እናቷ ፀጉሯን እያስተካከሉላት ሳለ፣ ልቧ ቁርጡን አወቀ። ይመለስ! ፓስፖርቷን በመሐረብ ጠቅልላ የእጅ ቦርሳዋ ሥር አስገባች። በመስታወቱ ውስጥ የእናቷን ፈገግታ አየች፤ ቦርሳውን ግን ዘጋችው።

አሁን ያ ሰዓት ደረሰ። ኸባብ ጠርሙሱን አንስቶ መጣ። ስሙ የተጻፈበት ባጅ ሁልጊዜ ደረቱ ላይ ነው፤ ዛሬ የለም። ጠርሙሱን ለሁሉም አሳየ፤ ከፈተ፤ ቡሹን ዳጊ ፊት አስቀመጠ።

"የዛሬዋ ባለቀን ሙሽሪት ስለሆነች ቅምሻው የእሷ ነው" አለ፤ አንድ ጉንጭ ቀዳ። እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን እጁ ተንቀጠቀጠ። ዳጊ ቀና አለችና ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ይቀዳ ወይስ ይመለስ? ብሎ የሚጠይቅ ዓይን። እሺ፣ መጣሁ፣ አለችው በዓይኗ፤ እጇን ወደ ብርጭቆው ዘረጋች።

"ቆይ፣ ቆይ አንተ ልጅ!"

አቶ በዛብህ ናቸው። እየሳቁ ከመቀመጫቸው ተነስተው ብርጭቆውን ቀድመው አነሱት።

"እንዲህ ነው እንዴ የዛሬ ወግ? ስሙኝማ፣ እኔ በልጅነቴ ምንጃር አጎቴ ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበርኩ። የተከበረ እንግዳ ሲመጣ እንግዳው አይቀምስም! አሳላፊው ነው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ እፊታቸው ጠጥቶ፣ ከዚያ የሚያቀርበው። እጄ ንጹሕ ነው ማለቱ ነው። እዚህ ተገልብጦ እንግዳ ለራሱ ይቀምሳል!" ሰዉ ሳቀ። "በል ና ልጄ፤ እንደ አገሬ ወግ አድርግልኝ። መዳፍህን ዘርጋ።"

"ይቅመስ! ይቅመስ!" አሉ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ። ሁሉም በደስታ ነው፤ ክፉ ሐሳብ በማንም ልብ የለም። ይሄ ነው የሚያቃጥለው።

ኸባብ መዳፉን አልዘረጋም። "አባባ፣ ሥራ ላይ አይፈቀድልንም።"

"ለአለቃህ እኔ እነግርልሃለሁ።"

"መድኃኒት ላይ ነኝ አባባ።"

"ጠብታ እኮ ናት! ጠብታ ምን ታደርግሃለች?" የአቶ በዛብህ ሳቅ ቀስ በቀስ ከፊታቸው ወረደ። ብርጭቆውን አዩ፤ ልጁን አዩ። "ነው ወይስ አንተ የማትቀምሰውን ነው ለልጄ የምትቀዳው?"

የኒቆዲሞስ እናት ሹካቸውን አስቀመጡ።

"ሙስሊም ነኝ" ቢል ነገሩ ባለቀ ነበር። አቶ በዛብህ ራሳቸው "ውይ፣ በሞትኩት! ይቅር በለኝ ልጄ" ይሉታል፤ ድሬ የኖረ ሰው ይህ አይጠፋውም። ቀጥለው ግን "ስምህ ማነው?" ማለታቸው አይቀርም። ያ ስም ደግሞ አምስት ወር ሙሉ በዚያ ቤት ያልተጠራ፣ እህል ሲቀርብ እንኳ የሚታሰብ ስም ነው። ኸባብ ዳጊን አያት። ልናገር? አላት በዓይኑ። ከንፈሩ ሊከፈት ነበር፤ ዳጊ ጭንቅላቷን በጭንቅ ነቀነቀች። አይሆንም፣ እዚህ አይሆንም።

ይባስ ብሎ የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ኃይለመለኮት ከባንኮኒው ጀርባ ሲያይ ቆይቶ "ምን ጎደለ?" በሚል ፊት እየተጣደፈ መጣ። ኃይለመለኮት አስተናጋጁን ሁሉ በስሙ ነው የሚጠራው፤ ያውም ጮክ ብሎ። ቀረበ። አፉን ከፈተ።

ዳጊ ብርጭቆውን ከአባቷ እጅ ነጠቀች።

"የኔ ቀን አይደል አባዬ? እኔ እቀምሳለሁ!" አለችና ጭልጥ አደረገችው።

አቼቶ ነው። ጉሮሮዋን ፍቆ ወረደ፤ እንባ ዓይኗን ሞላው። አሁን ነው እንግዲህ፤ "ይመለስ" በያ! ሦስት ሌሊት የተለማመድሽው ቃል አይደለም? አባቷ ግን አፍ አፏን እያዩ ቆመዋል። ይመለስ ብትል "አላልኩም! ራሱ ያልቀመሰው ለካ ለዚህ ነው!" ሊሉ ነው። ሥራ አስኪያጁን ሊይዙት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ኸባብን። ስሙ ሊጠራ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ መርዝ ሊያጠጣ የመጣ ሌባ አድርገው ሊያቆሙት ነው። የኔን ኸባብ!

"ጥሩ ነው" አለች። ድምፅዋ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት። "ይቀዳ።"

ካፍ የወጣ ካፋፍ የወረደ ይባላል፤ አይመለስም።

ሰዉ አጨበጨበ። አቶ በዛብህ ሳቃቸው ተመለሰ፤ የኸባብን ትከሻ መታ መታ አድርገው "አትቀየመኝ ልጄ፣ የሽማግሌ ነገር ነው" አሉት። ኃይለመለኮትም ሁሉ ሰላም መሆኑን አይቶ እጅ ነሳና ተመለሰ። ስሙ ሳይጠራ ቀረ። አዳነችው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሰው የሚወደውን እንዲህም አድርጎ ያድናል?

ኸባብ መቅዳት ጀመረ። ዳጊ በዓይኗ ተከተለችው። እየኝ፤ አንዴ እየኝ፤ ላንተ ብዬ ነው፤ አሁንም እመጣለሁ። አላያትም። ለአማቾቿ ቀዳ፣ ለእናቷ ቀዳ፣ ለአባቷ ቀዳ፣ ለኒቆዲሞስ ቀዳ። የሚገርመው፣ አሁን እጁ አይንቀጠቀጥም። ሦስት ዓመት ሙሉ "እወድሃለሁ" ያለችበት ያ ቃል ዛሬ ቢላ ሆኖ እጇ ላይ ቀረ። በመጨረሻ እሷ ጋ ደረሰና ብርጭቆዋን ሞላው።

"መልካም ጋብቻ ያድርግልሽ፣ እህቴ" አለ።

እህቴ! ጠርሙሱን አስቀምጦ ሄደ፤ ዳጊ ቡሹን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ በእጇ ጨበጠች።

ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠች አታውቅም። አማቾቿ ያወሯታል፤ "አዎ" ትላለች። ድንገት "እጄን ልታጠብ" ብላ ተነሳች፤ ቦርሳዋን ይዛ በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ሮጠች። ታኮዋ ጠጠሩ ላይ ይታጠፋል። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ዘበኛው ዋበሪ ጥላው ስር ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይዟል።

"ባጃጅ... እዚህ የቆመ ባጃጅ አልነበረም?"

"ነበረ እንጂ። ኸባብ ይዞት ሄደ።" ዋበሪ ቀና ብሎ የሙሽራ ልብሷን አየ። "ሻንጣውንም ጭኗል። 'ሰው የምትጠብቅ መስሎኝ' ብለው 'ኻላስ፣ አትመጣም' አለኝ። ወላሂ፣ አሁን ነው የወጣ፤ አቧራው እንኳ አልተኛም።"

"ስልክ አለህ? ስልክህን ስጠኝ!"

ሰጣት። ስልኩን ይዛ ቆመች። ቁጥሩን በቃሏ አታውቀውም። በሷ ስልክ ላይ "ልብስ ሰፊ" ተብሎ ነበር የተመዘገበው፤ አባቷ እንዳያውቁ። ስልኳ ደግሞ አባቷ ኮሞዲኖ ውስጥ ተቆልፏል። የዋበሪን ስልክ ገለባበጠች፤ የኸባብ ቁጥር የለውም። መልሳ ሰጠችው።

ወደ መንገዱ ወጣች። ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ የሚቀመጥበት የበርጫ ሰዓት ነው፤ ከዚራ ጭር ብላለች። አንድ ባጃጅ ከዛፍ ስር ቆሟል፤ ሹፌሩ ከወንበሩ ላይ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል። ባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ይላል፤ ግን ዘጠኝ ተኩል አልሆነም። ይደረሳል። ሹፌሩን ቀስቅሶ "ጣቢያ" ማለት ብቻ ነው የቀራት። አንድ ቃል።

ባጃጁ ጋ ሳትደርስ ቆመች። ደርሳስ ምን ልትለው ነው? "ይቀዳ" ያልኩት ስላንተ ነው? እውነት ስለሱ ብቻ ነው? የአባቷ ፊት፣ ያ አፍ አፏን የሚያይ ፊት፣ አላሸነፋትም? ኸባብ ልናገር ብሎ ሲጠይቃት አይሆንም ያለችው እኮ እሷ ናት። እሱ ሊናገር ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆሞ ስሙን ሊናገር የነበረው እሱ ነው። የፈራችው እሷ ናት።

"ዳጊዬ!"

እናቷ ናቸው። በጓሮው በር ብቅ ብለዋል። የሙሽራ ልብሷን፣ ባዶውን መንገድ፣ ባጃጁን በየተራ አዩ። ምን እንደገባቸው አንድዬ ይወቅ። ቀረብ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ከዓይኗ ሥር ጠረጉላት።

"አባትሽ ሊመርቁሽ ቆመዋል። ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚጠብቅሽ፣ እናቴ።" እጃቸውን ዘረጉ። "ቦርሳሽን አምጪ፣ እኔ ልያዝልሽ።"

ዳጊ ቦርሳውን ሰጠች። ከነፓስፖርቱ።

አባቷ መረቁ። ረጅም ምርቃት ነው፤ መሐል ላይ ድምፃቸው ተቆራረጠና ሰው ሁሉ ዓይኑን ጠረገ። "አንቺን በማዕረግ ለመዳር ነበር የኖርኩት" አሏት፤ እውነታቸውን ነው። አሜን፣ አሜን ተባለ። ከዚያ ለምርቃቱ ብርጭቆ ተነሳ። ሁሉም ጠጡ። አንዱ አጎት ሳል ሊያንቀው ደረሰ፤ አንዷ አክስት ዓይኗን ጨፈነች። ሙሽራዋ ጥሩ ነው ያለችውን ማን ኮመጠጠ ይላል? አቶ በዛብህ ራሳቸው ዋጥ አድርገው "የፈረንጅ መጠጥ መቼም ልማድ ይፈልጋል" አሉ።

ኒቆዲሞስ ብቻ ብርጭቆውን አሽትቶ አስቀመጠ። ወደ ዳጊ ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ፣ በዚያ በለዘበ ድምፁ ተናገረ።

"ዳጊ፣ ይሄ ወይን ኮምጥጧል።"

"አውቃለሁ።"

"ስትቀምሺው አውቀሻል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልመለስሽውም?"

ዳጊ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ተኩል ነው፤ በቃ። ቡሹ በጭብጧ ውስጥ በላብ ርሷል።

"አንዴ ይቀዳ ካሉ በኋላ አይመለስም" አለችው።

ኒቆዲሞስ ራስጌ የተቀመጡትን አቶ በዛብህን አየ፤ ተመልሶ እሷን አየ። አባቷ በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብላ የዋጠችው መሰለው። ይህች ልጅ ስንት ነገር ትችላለች ብሎ አከበራት። ፈገግ አለላትና፣ ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ፣ የራሱን ብርጭቆ አንስቶ እስከ አተላው ጨለጠው።